እኩል የሚሳሳቱ ቀለሞች

ባለብዙ ቀለም ስቲከር ላይ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ቀለሞቹ በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። በአረንጓዴውና በቢጫው መካከል ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ነጭ ክፍተት ከታየች ሥራው ተበላሸ ማለት ነው፤ ደንበኛው ምክንያቱን ባያውቀውም አንድ ነገር እንደጎደለ ያስተውላል። ስቲከር ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማሽኑ ላይ ይላከካል፤ የተሻለ ማሽን ቢገዛ ቀለሙ ሁሉ በራሱ የሚገጥም ይመስላል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ቀለሞች እንዲገጥሙ ማሽኑ ፍጹም ትክክል መሆን አይጠበቅበትም። ሁሉም ቀለም በአንድ አቅጣጫና በአንድ ልክ እንዲሳሳት ካደረግን፣ የምትተርፈውን ትንሽ ልዩነት ደግሞ ሥዕሉ ራሱ እንዲሸፍናት አድርገን ከነደፍን፣ ርካሽ ማሽንም ንጹሕ ሥራ ይሠራል።

ነገሩ የሚገባን የስቲከሩን ፕላስቲክ፣ ቪኒሉን፣ የሚቆርጠው ማሽን (ከተር ፕሎተሩ) እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ስናይ ነው። ምላጩን የተሸከመው ራስ በቀበቶ እየተሳበ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ቪኒሉ ደግሞ ከሥር ባለው ሻካራ ሮለርና ከላይ በሚጫኑት ትናንሽ ጎማዎች መካከል ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ሁለቱን እንቅስቃሴዎች የሚያከናውኑት የተለያዩ አካላት ስለሆኑ ስህተታቸውም የተለያየ ነው። ሮለሩ ቪኒሉን ከታዘዘው በመቶ 0.2 አሳልፎ ቢስበው፣ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቅርጽ 1.2 ሚሊሜትር ይረዝማል። ስቲከሩ ባለአንድ ቀለም ከሆነ ይህን ማንም አያየውም። ሁሉም ቀለም በዚያው አቅጣጫ ከተቆረጠም ሁሉም እኩል ይረዝማልና ጠርዝ ከጠርዝ ይገናኛል። ጣጣው የሚመጣው ቪኒል ለመቆጠብ ሲባል አንዱን ቀለም 90 ዲግሪ አዙረን በጥቅልሉ ወርድ በኩል ስንቆርጠው ነው። ያኔ አንዱ 601.2፣ ሌላው 600 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል፤ የትኛውም ብልሃተኛ እጅ ሁለቱን አያስታርቃቸውም። በዚህ መንገድ የተረፈ ቁራጭ ከሚያድነው የሚያበላሸው ይበልጣል።

ስህተቱ በሁሉም ቀለም እኩል እንዲሆን ከመቁረጥ በፊት ቪኒሉን የሥራውን ርዝመት ያህል ወደ ፊት አስኪዶ መመለስ ይገባል። ጥቅልሉ ጠማማ ሆኖ ገብቶ ከሆነ እዚያው ይታያል፤ ሻካራው ሮለርም በጀርባ ወረቀቱ ላይ መንገዱን ይይዝና በሁለተኛው ጉዞ አይንሸራተትም።

ምላጩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ምላጩን የሚያዞር ሞተር የለም። ጫፉ ከመያዣው መሐል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለተሳለ፣ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ የፊት ጎማ እየተጎተተ ወደሚሄድበት ይዞራል። ይህች ፈቀቅታ በተለመዱት ምላጮች 0.25 ሚሊሜትር ናት፤ ማሽኑ ወይም ሶፍትዌሩ ቁጥሯን ካላወቀ ማዕዘን ሁሉ ይዶለዱማል ወይም ጆሮ ያወጣል። ጥልቀቱን የሚነግረን የሙከራ ቁራጭ ነው። ቪኒሉ ሲነሳ በጀርባ ወረቀቱ ላይ ስስ ጭረት ከታየ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ግን ጫናውን መቀነስ ያስፈልጋል። የተቀደደ ጀርባ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ቀጥ ብሎ የማይቆም ቀለም ደግሞ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

አሁን ወደ ንድፉ እንግባ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። አርማ ያለበትን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 654/2001 እንደተደነገገው ወርዱ ከርዝመቱ ጋር አንድ ለሁለት ነው፤ ሦስቱ አግድም ቀለሞች እኩል ናቸው፤ መሐል ላይ ሰማያዊ ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ በመስመር የተሠራ ቢጫ ኮከብና ጨረሮቹ አሉ። ጀማሪ ይህን ሲያይ አምስት ቁራጭ ይቆርጣል፦ ሦስት ሰንበሮች፣ አንድ ክብ፣ አንድ ኮከብ። ሰንበሮቹን ጎን ለጎን ጠርዝ በጠርዝ ይለጥፋል፤ ከዚያ ቀጫጭኖቹን የኮከብ መስመሮች በክቡ ላይ ለማሳረፍ ይታገላል። እያንዳንዱ መገናኛ ፍጹም ትክክለኛነት ይጠይቀዋል።

አራት ቁራጭ ይበቃል። በመጀመሪያ ቢጫውን እንደ ሰንበር ሳይሆን እንደ ሙሉ መደብ እንቁረጠው፤ 60 በ30 ሴንቲሜትር ከሆነ ሙሉውን 60 በ30። አረንጓዴው ከላይ፣ ቀዩ ከታች፣ እያንዳንዳቸው በ10 ሴንቲሜትር ወርድ በቢጫው ላይ ይደረባሉ። አረንጓዴው ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ታች ቢወርድ የሚቀየረው የቢጫው ስፋት ብቻ ነው፤ ክፍተት የሚባል ነገር ከነጭራሹ ሊፈጠር አይችልም። የውጭው ጠርዝ እንዲያምር አረንጓዴውንና ቀዩን በዳር በኩል 2 ሚሊሜትር አስረዝሞ መቁረጥ፣ ሁሉም ከተደረበ በኋላ አራቱንም ጎን በማስመሪያና በካተር አንድ ላይ ማስተካከል ነው።

ቀጥሎ ክቡ። ክቡ ከቢጫው ወጥቶ አረንጓዴውና ቀዩ ላይ ስለሚያርፍ፣ ኮከቡን ከሰማያዊው ውስጥ ፈልቅቀን ብናወጣው አንዳንዱ ጨረር በቢጫ ፈንታ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያሳያል። መፍትሔው አረንጓዴውና ቀዩ ሲቆረጡ በክቡ ቦታ የክቡ ቁራጭ እንዲጎድል ማድረግ ነው፤ ጉድለቱ ከሰማያዊው ክብ በራዲየስ 2 ሚሊሜትር ይነስ። ኮረልድሮው ላይ ኮንቱር፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኢንሴት የሚባለው ትዕዛዝ ይህን በቅጽበት ይሠራል። አሁን ከክቡ ሥር ያለው በሙሉ ቢጫ ነው። ሰማያዊው ኮከቡ የተፈለቀቀበት መስኮት ሆኖ ሲያርፍ፣ ቢጫው ከሥር ወጥቶ ይታያል። ኮከቡና ክቡ በአንድ ቁርጥ ስለወጡ እርስ በርሳቸው ሊዛነፉ አይችሉም። በኮከቡ መስመሮች መካከል የሚቀሩት ሰማያዊ ቁርጥራጮችም አያሳስቡም፤ ትርፉ ተለቅሞ ቁራጮችን ወደሚለጠፉበት የሚያሻግረው ትራንስፈር ቴፕ ከላይ እስኪያነሳቸው ድረስ ጀርባ ወረቀታቸው ላይ በየቦታቸው ይጠብቃሉ። በርካታ አስቸጋሪ መገናኛ የነበረው ሥራ አንድ ብቻ ቀረው፦ ክቡን መሐል ላይ፣ ኮከቡ ሳይዘም ማሳረፍ።

ውፍረቱም ይቀንሳል። ተራ ቪኒል ከ70 እስከ 80 ማይክሮን ይሆናል፤ ሦስት ድርብ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህ ንድፍ ሦስት ድርብ የሚሆነው በክቡ ዙሪያ ያለችው የ2 ሚሊሜትር ቀለበት ብቻ ስትሆን ሌላው ቦታ ሁለት ወይም አንድ ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ ስቲከር አቧራ ይይዛል፤ መኪና ሲታጠብም መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

ለማሳረፉ ምልክት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ቀለም ላይ፣ ከሥዕሉ ውጭ፣ በተመሳሳይ ቦታ ትንሽ ካሬ አብሮ ይቆረጥ። ምልክቶቹ በተቻለ መጠን ይራራቁ፤ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የምትገኝ የግማሽ ሚሊሜትር ስህተት በ60 ሴንቲሜትር ላይ 3 ሚሊሜትር ትሆናለችና። የላይኛውን ካሬ ከታችኛው ጋር እኩል አለማድረግ ደግሞ የምወደው ዘዴ ነው። የታችኛው 10፣ የላይኛው 8 ሚሊሜትር ከሆነ ሲደረቡ በዙሪያው የ1 ሚሊሜትር ፍሬም ይታያል። ዓይናችን ሁለት ጠርዝ አንድ ላይ መዋሉን ከመፍረድ ይልቅ የፍሬም አራት ጎን እኩል መሆኑን በመፍረድ ይበረታል። ትራንስፈር ቴፑ ወረቀት ከሆነ በምልክቶቹ ቦታ ቀድዶ መክፈት ይቻላል። ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ መቅደድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ከነተለጠጠ የተለጠፈ ቪኒል ደግሞ ወደ ልኩ ለመመለስ ሲታገል ጠርዙ ይነሳል።

ድረባውን መኪናው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ቢጫው ጀርባ ወረቀቱን ሳይለቅ መጨረስ ይሻላል። ክቡ በምልክቶቹ ላይ ተስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላ በመሐሉ ላይ አንድ ማስኪንግ ቴፕ ያዙበት። ግማሹን ቀና አድርጋችሁ የጀርባ ወረቀቱን እስከ ቴፑ ድረስ ላጡና ቁረጡት፤ ከመሐል ወደ ዳር በፕላስቲክ መጥረጊያ እየተጫናችሁ አውርዱት። ከዚያ ቴፑን አንስታችሁ ሌላውን ግማሽ እንዲሁ። ከመሐል መጀመር አየር ለማስወጣት ብቻ አይደለም። በሁለት ቀለሞች መካከል 1.2 ሚሊሜትር ልዩነት ቢኖር፣ ከአንድ ጫፍ የጀመረ ሰው ሌላኛው ጫፍ ላይ ልዩነቱን በሙሉ ያገኛል፤ ከመሐል የጀመረ ግን በየጫፉ 0.6 ብቻ። ይህን ደግሞ ቀድመን የተውነው ተደራቢ ጠርዝ ይውጠዋል። ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውኃ መርጨት ለማንሸራተት ቢረዳም በቪኒልና በቪኒል መካከል አልመክረውም። ውኃው መውጫ አጥቶ ይቀራል።

እኩል የመሳሳት ሕግ ከተለጠፈ በኋላም ይሠራል። ተራው ቪኒል የሚሠራው በሮለሮች ተዳምጦና ተስቦ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው በትንሹ ይኮማተራል። በፈሳሽነት ፈስሶ በምድጃ የሚጋገረው፣ ካስት የሚባለው፣ ሳይሳብ ስለሚሠራ ልኩን ይጠብቃል፤ 50 ማይክሮን ገደማ ስለሚሆንም ከተራው ይሳሳል። ሁለቱን በአንድ ስቲከር ላይ ማደባለቅ ከወራት በኋላ የላይኛው ቀለም ከጠርዙ ሸሽቶ የታችኛው እንዲታይ ያደርጋል። ካስት ለመግዛት አቅም ካልተገኘ ሁሉም ተራ ይሁን፣ ከአንድ አምራች፣ ከአንድ ዓይነት።

የሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ ከውስጥ የሚለጠፍ ሥራ ሁሉንም ነገር ይገለብጣል። ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ይቆረጣል፤ ቅደም ተከተሉም ይዞራል፦ ሰማያዊው መጀመሪያ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውና ቀዩ፣ በመጨረሻ ሁሉንም የሚሸፍነው ቢጫ። ከውጭ የሚታየው የሙጫው ወገን ስለሆነ ሙጫው ግራጫ የሆነ ቪኒል እዚህ አያገለግልም። ትልቁ ችግር ግን ቢጫው ከሰማያዊው ጫፍ ወደ መስታወቱ ሲወርድ በደረጃዋ ሥር አየር ይቀርና ብርማ መስመር ሆኖ መታየቱ ነው፤ በጠባቡ የኮከብ መስመር ውስጥማ ቢጫው መስታወቱን ጨርሶ ላይነካ ይችላል። ካስት ቪኒል በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ ሲጫኑት ደረጃዋን ተከትሎ ይወርዳል፤ መስመሯ ትጠባለች እንጂ አትጠፋም። ደንበኛው ምርጫ ካለው ከውጭ ይለጠፍለት፤ ከውስጥ ካልሆነ ካለ ኮከቡ በመስመር ውፍረት ተለቅ ተደርጎ ይሠራ።