ያውቁ ኖሯል? የሁሩሙው ተርጓሚ፣ የእርሳስ ፊደልና የእንሰት ቃጫ

ኢሉባቦር ሲነሳ ቡናውና ማሩ ይቀድማል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ለኅትመት የበቃው በዚያው ምድር ተወላጅ ተርጓሚነት መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው የባሪያ ፈንጋዮች ወስደዋቸው፣ ደጋግመው ተሸጠው ምጽዋ ደረሱ፤ በ1870 ነፃ ወጡ።

በኦሮምኛ የተረጎሙት ሐዲስ ኪዳን በ1893 ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ወጣ። ሁለቱም የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው።

ይህ ታሪክ ያለ አስቴር ጋኖ አይሟላም። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሴት ናቸው። ለትርጉሙ ሥራ የኦሮምኛን የቃላት ሀብት ያሰባሰቡት እሳቸው ሲሆኑ፣ በ1894 እምኩሉ ላይ የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያም በልባቸው ይዘዋቸው የኖሩትን ተረቶችና ዘፈኖች ይዟል። ስማቸውን እያንዳንዱ የመቱና የጎሬ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ይታተሙበት የነበረው የእርሳስ ፊደልስ እንዴት ይሠራል? ቀራጩ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ፊደሉን ገልብጦ ይቀርጻል። ብረቱን በእሳት አጠንክሮ መዳብ ላይ በመዶሻ ሲመታው ጎድጓዳ አሻራ ይቀራል። መዳቡ በእጅ በሚያዝ ማፍሰሻ ውስጥ ይገባና የቀለጠ ብረት ይጨመርበታል፤ ወዲያው ይረጋል። ብረቱ የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የአንቲሞኒ ድብልቅ ነው። አንቲሞኒ ለስላሳውን እርሳስ ያጠነክረዋል፤ ሲቀዘቅዝ እንዳይኮማተርም ይረዳል። ፊደሉ ጠርዙ ሹል ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

የላቲን ፊደል ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ቅርጽ ይበቃዋል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ለኦሮምኛ ድምፅ የተጨመረው ዸ ብቻውን ሰባት አዳዲስ ቅርጾች ይፈልጋል። ፊደል ለቃሚው ያን ሁሉ ሳጥን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የማተሚያ ቤት ሙያ የለም።

በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ የወጣው ሮም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ዳዊት ነበር። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። አታሚዎቹ የሚደረድሩትን ፊደል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ አባ ተስፋ ጽዮንም ለስህተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። በአገራችን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው።

ወረቀትስ? የአገራችን ጸሐፍት ለዘመናት የተጠቀሙት ብራናን ነው፤ በአብዛኛው የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆ የሚሰናዳ። ዛሬም የሚሠሩት አሉ።

ወረቀት ከእንሰት ጋር ዝምድና እንዳለውስ ሰምተው ያውቃሉ? አባካ የሚባለው የፊሊፒንስ ተክል የእንሰት ዘመድ ነው፤ ቃጫው የሻይ ከረጢትና የብር ኖት ወረቀት ይሆናል። እንሰት ደግሞ በኢሉባቦር ጓሮዎችም ይበቅላል። በእጅ ወረቀት የሚሠራበት መንገድ ብዙ ማሽን አይጠይቅም። ቃጫው ተቆራርጦ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ እስኪልም ይወቀጣል። ከዚያ በገንዳ ውሃ ውስጥ ይበተንና በአግድም በተያዘ ወንፊት ከታች ይነሳል። ውሃው ሲንጠባጠብ የቀረው ስስ ንጣፍ በጨርቅ መካከል ተጭኖ ይደርቃል። ሙጫ አይገባበትም፤ ቃጫዎቹ ሲደርቁ በራሳቸው ይያያዛሉ።

በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ፊደል ማተም የፈለገ ሰው አስቀድሞ ወረቀቱን በመጠኑ ያርሰዋል። ደረቅ ወረቀት ፊደሉን ይገፋል፤ የረጠበው ግን ይለሰልስና ቀለሙን እኩል ይቀበላል።