የሕፃኑ አልጋ በሜትር ሲለካ

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር የቤት ዕቃ መሸጫዎችንና የእንጨት ሥራ ቤቶችን ልንጎበኝ የወጣነው፣ የመጀመሪያ ልጁን ለማየት ሁለት ወር የቀረው አንድ ባልደረባችን ‹‹እናንተ የሳይንስ ሰዎች ናችሁና የሕፃን አልጋ ስመርጥ አብራችሁኝ ሁኑ›› ስላለን ነበር። ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎን ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተገናኘንና፣ አንዳችን የብረት ሜትር፣ ሌላችን አንድ ባዶ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ይዘን ጉዞ ጀመርን። ባልደረባችን ቆርቆሮውን አይቶ ሳቀ። ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ሻጭ ከውጭ ሀገር የመጣ ነጭ አልጋ አሳየን። አልጋው ዙሪያውን ጥጥ በተሞላ ጨርቅ ተከቧል፤ በውስጡ ለስላሳ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ሁለት የጨርቅ አሻንጉሊቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጎኑ ደግሞ እናት ብዙ ሳታጎነብስ ሕፃኑን እንድታነሣ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ውበቱ ብዙ ነገረን። በዘንጎቹ መካከል ስላለው ክፍተት በጠየቅነው ጊዜ ግን ‹‹እሱማ ለአየር ነው ወንድሞቼ›› ሲል መለሰልን። መልሱ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያ ክፍተት ከአየር ሌላ ምን ሊያልፍ እንደሚችል መጠየቅ ግድ ይላል።

በጊዜው የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ በአማካይ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለ3.14 ብናካፍለው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አማካይ ስፋት እናገኛለን፤ ራስ ሙሉ ክብ ባለመሆኑም ከጎን ወደ ጎን ሲለካ 9.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የአዋቂ ሰው ትከሻ ከራሱ እጅግ ይሰፋል፤ ራሳችን ባለፈበት ቀዳዳ የቀረው አካላችን ላያልፍ ይችላል። በጨቅላ ሕፃን ይህ ሥርዓት የተገለበጠ ነው። ከአካሉ ሁሉ ትልቁና የማይጨመቀው ክፍል ራሱ ሲሆን፣ ዳሌው፣ ሆዱና ደረቱ ለስላሳና ተጨማቂ ናቸው። እግሩ በዘንጎቹ መካከል የሾለከ ሕፃን በተንፈራገጠ ቁጥር ዳሌው ይከተላል፤ ቀጥሎ ደረቱ ያልፋል፤ በመጨረሻ ራሱ ይያዝና ክብደቱ በአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ራሱን የሚያላቅቅበት ጉልበት ገና አልተፈጠረለትም።

በመሆኑም የክፍተቱ ልክ የሚወሰነው በራስ ሳይሆን ዳሌን በሚያግድ ስፋት ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ደንብ በዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አዟል፤ የአውሮፓው መለኪያም ከ4.5 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያለውን ይፈቅዳል። ቆርቆሮው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ (ቀጭኑና ረጅሙ ዓይነት አይደለም) የጎን ስፋቱ 6.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቆርቆሮው በዘንጎቹ መካከል ካለፈ ሜትር መዘርጋት ሳያስፈልግ አልጋው ወድቋል ማለት ነው። በነጩ አልጋ ላይ ቆርቆሮው አላለፈም። ከዚያ ወጥተን በጎበኘነው አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ግን፣ በወግ ተልጎ በሚያብረቀርቅ የዋንዛ አልጋ ላይ፣ ያለ አንዳች ችግር ወዲያ ማዶ ወጣ። በሜትር ስንለካው ክፍተቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር አለፍ ይል ነበር።

ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ‹‹ጋሼ፣ ለምን እንዲህ ሰፋ?›› ብለን ብንጠይቃቸው ‹‹እንጨት ተወዷል ልጆቼ፤ ደግሞም የሚያየው ሰው ደስ የሚለው ፈታ ሲል ነው›› አሉን። እዚያው የእንጨት ብናኝ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሒሳቡን ሠራነው። የአልጋው ጎን 120 ሴንቲ ሜትር፣ የአንዱ ዘንግ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዘጠኝ ዘንግ አሥር ክፍተት ይፈጠራል፤ እያንዳንዱም 9.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዘንጎቹን አሥራ ሦስት ብናደርጋቸው ክፍተቱ ወደ 5.8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ በአንድ ጎን አራት፣ በሁለቱ ጎን ስምንት ዘንግ ብቻ ነው። ባለሙያው ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት፤ ምንም አልተናገሩም።

የእንጨቱን ጠባይም እግረ መንገዳችንን እናንሣ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይጠባል። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። እርጥብ እንጨት የተገጠመበት አልጋ ከወራት በኋላ ዘንጎቹ በማቀፊያቸው ውስጥ ይላላሉ፤ ዛሬ 6 ሴንቲ ሜትር የነበረው ክፍተት በሕፃን ግፊት ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ አልጋን ከመለካት በተጨማሪ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ይዞ ማዞርም እንዲሁ።

ወደ ነጩ አልጋ እንመለስ። ዘንጎቹ ፈተናውን ቢያልፉም በሌሎች ሁለት ነገሮች ወድቋል። ወደ ታች የሚንሸራተተው ጎን የሚያያዘው በትንንሽ የፕላስቲክና የብረት መያዣዎች ነው። እነዚህ ሲላሉ ጎኑ በአንድ ጫፉ ይለቅና ከፍራሹ ጋር ሽንቁር ይፈጥራል፤ ሕፃኑም ወደዚያ ተንከባሎ ይታፈናል። በአሜሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው አሥር ዓመት ቢያንስ 32 ሕፃናት በዚህ ምክንያት መሞታቸው ስለተረጋገጠ፣ እንዲህ ያለውን አልጋ ማምረትም ሆነ መሸጥ ከሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። አንድ ሀገር የከለከለው ዕቃ ከምድር ገጽ አይጠፋምና፣ አገልግሎት ላይ የዋለ አልጋ የሚገዛ ሰው አራቱም ጎን የማይንቀሳቀስ መሆኑን ያረጋግጥ። ጥጥ የተሞላው ዙሪያ ጨርቅም በዚያው ሀገር በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ ታግዷል።

ሁለተኛው ውድቀት፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው፣ በአልጋው ውስጥ የተቀመጠው ነው። ለምን ከሁሉ የከፋ እንዳልነው ለማስረዳት የሕክምና ታሪክን አንድ አሳዛኝ ምዕራፍ መግለጥ ይኖርብናል።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ ይመክሩ ነበር። በዓለም ላይ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠው የዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ የሕፃናት አስተዳደግ መጽሐፍ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በወጡ እትሞቹ ይህንኑ አስተማረ። ምክንያቱ ለሰሚ የሚያሳምን ነበር፤ ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ትን ይለዋል የሚል። በእነዚያው ዓመታት ጤናማ ሕፃናት ማታ ተኝተው ጠዋት ሞተው ይገኙ ጀመር፤ የሬሳ ምርመራም ምክንያቱን አላገኘም። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1990 በኒው ዚላንድ የተካሄደው ሰፊ ጥናትና በእንግሊዝ የተደረጉት ምርመራዎች በሆድ መተኛት ዋነኛው አደጋ መሆኑን አረጋገጡ። እንግሊዝ በ1991 መጨረሻ፣ አሜሪካ በ1994 ‹‹በጀርባ አስተኙ›› የሚል ዘመቻ ሲጀምሩ፣ ድንገተኛው የጨቅላ ሕፃናት ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ክትባት አልተሰጠም፤ ሕፃናት ተገለበጡ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ ማስረጃው አስቀድሞ በ1970 ተሰብስቦ ቢመረመር ኖሮ በእንግሊዝ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሌዥያ በጠቅላላ ቢያንስ 50 ሺህ ሕፃናት ባልሞቱ ነበር።

የትንታው ሥጋት ለምን ስህተት ሆነ? ሰው በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል። ከሆድ የሚመለስ ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ የመሬት ስበት ግን ወደ ምግብ ቧንቧ ይመልሰዋል። በሆድ ሲተኛ ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከታች ይሆንና ፈሳሹ የሚጠራቀመው በደጃፉ ላይ ነው። የባልደረባችን እናት በስልክ ‹‹በጀርባው ካስተኛችሁትማ ትን ይለዋል›› ብለው ተቆጥተው ነበርና ይህንኑ በወረቀት ሥለን ላክንላቸው። (እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላመኑንም።)

አሁን ትራሱና ብርድ ልብሱ ምን እንደሚያደርጉ ግልጽ ይሆናል። የምንስበው አየር ከመቶ 21 እጅ ኦክስጅን ይዟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመቶ ከአንድ እጅ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። የምናስወጣው ትንፋሽ ግን 4 እጅ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ የተቀበረ ሕፃን ያስወጣውን መልሶ ይስባል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። አዋቂ ሰው በዚህ ጊዜ ሳያውቀው ይገላበጣል ወይም ይነቃል። አደጋው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ እጅግ የሚበረታው የአንዳንድ ሕፃናት የመንቃት ምላሽ ገና ስላልጎለመሰ፣ ቢነቁም ራሳቸውን ለማዞር አቅም ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ለሕፃን የሚመቸው አልጋ ለእኛ ዓይን የሚመቸው አይደለም። ደረቅ ፍራሽ፣ አንድ የተወጠረ አንሶላ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። ትራስ ከመጀመሪያው ዓመት በፊት አያስፈልግም።

በፒያሳ የሚሸጠውን የስፖንጅ ፍራሽ ለመመርመር እጅ ይበቃል። በመዳፍ ተጭነው ሲለቁት ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰና የእጅ ቅርጽ ካልቀረበት ደህና ነው። በአልጋው ጎንና በፍራሹ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ ጠቧል። የመጣበትን ላስቲክ ‹‹እንዳይቆሽሽ›› ብሎ አለማንሣትም በብዙ ቤት የሚታይ ልማድ ነው፤ ላስቲኩ ፊት ላይ ይጣበቃልና መወገድ አለበት። ከፍራሹ ገጽ እስከ አልጋው ጠርዝ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መቆም የጀመረ ልጅ ተገልብጦ ይወድቃል። አናጢዎቻችን በማዕዘኑ ላይ የሚቀርጹት ጉልላትም ያምራል፤ ነገር ግን ልብስ ወይም በአንገት የታሰረ ማተብ ሊይዝ ስለሚችል ማዕዘኑ ለጥ ያለ እንዲሆን ማዘዝ ይሻላል። ማተቡን ከማስፈታት ጉልላቱን መተው ይቀላል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ጥርስ የሚያበቅል ልጅ የአልጋውን ጠርዝ ማኘኩ አይቀርም። ሊድ የተባለው ብረት የሕፃንን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ አልጋ ሲፋቅ ብናኙ ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች ልክ የተሰፋ ነው። በሐዋሳ ሁለት ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች በመሆኗ ወባ አለባት። የሕፃኑ አልጋ ከእናቲቱ አልጋ ተለይቶ ከአጎበሩ ውጭ ከቀረ፣ ከአንዱ አደጋ አውጥተን ለሌላው ሰጠነው ማለት ነው። ስለዚህ አልጋ ከመግዛት በፊት ክፍሉን መለካትና ሁለተኛ አጎበር የሚሰቀልበትን ቦታ ማየት ያሻል፤ አጎበሩ ከፊቱ ርቆ የተወጠረ፣ ገመዱም ከእጁ የራቀ ይሁን። አልጋው በእናትና አባት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ከሰል የሚቀጣጠልበት ክፍል ግን፣ ለቡናም ቢሆን፣ ሕፃን የሚተኛበት ክፍል አይደለም።

ሁለተኛው፣ አብዛኛው የሀገራችን ሕፃን የሚተኛው በእናቱ ጎን መሆኑ ነው። ይህን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩትን አንደግፍም፤ ሌሊት ጡት ለማጥባት ከዚህ የሚቀል የለም። ሆኖም አብሮ በሚተኛው ሰው ሲጋራና መጠጥ፣ በሕፃኑ ያለጊዜው መወለድና በወፍራም ብርድ ልብስ አደጋው እንደሚጨምር ጥናቶች በግልጽ ያሳያሉ። በኒው ዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ይህንኑ ችግር በራሱ ጥበብ ፈትቶታል። ‹‹ዋሃኩራ›› የተባለ፣ ከአካባቢው ቃጫ ተክል የሚሠፋ ዝቅ ያለ ቅርጫት አዘጋጅተው ሕፃኑን በእናቱ አልጋ ላይ፣ ነገር ግን በራሱ ወሰን ውስጥ ያስተኙታል። ፊንላንድም ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእናቶች የምትሰጠው የካርቶን ሳጥን ከነፍራሹ የሕፃኑ የመጀመሪያ አልጋ ሆኖ ያገለግላል። በሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ይበቅላል፤ ቤት ሳይቀር በቀርከሃ የሚሠፋ ሕዝብ ባለበት ሀገር እንዲህ ያለ ቅርጫት መሥራት የእጅ ጥበብ አይጠይቅም፤ እጁ አለ። የሚጎድለው ልኬቱ ነው፤ ለዲዛይን ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል ብለን እናምናለን።

ባልደረባችን ነጩን አልጋ አልገዛም። ወደ ሽማግሌው አናጢ ተመልሶ አሥራ ሦስት ዘንግ በየጎኑ፣ ማዕዘኑ ለጥ ያለ፣ ቀለም የሌለው የደረቀ ዋንዛ አዘዘ። ስምንቱ ዘንጎች ዋጋውን ከፍ አድርገውታል፤ ተከራክሮ ጥቂት አስቀነሰ። ልንወጣ ስንል አናጢው ቆርቆሮውን እንድንተውላቸው ጠየቁን፤ ተውንላቸው።