የ7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ትርፍና ኪሳራ

የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ ነጋዴ የሚያስበው ጤፍ ነው፤ ቢበዛ የባሕር ዛፍ አጠና። ወይራማ ለብዙው ሰው የጋን ማጠኛና ማገዶ ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ስንዝር የማይሞላ የወይራ ቁራጭ ነው፤ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት። በውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች ከዚህን መሰሉ ቁራጭ የስጦታ ብዕር በቶርኖ ያወጣሉ። የናስ ቱቦው፣ ማንጠልጠያውና ጫፉ ተሠርተው በጥቅል ይሸጣሉ፤ ባለሙያው የሚያዋጣው እንጨቱንና ቀዳዳውን ነው።

ገንዘብ የሚጠፋው ቀዳዳው ላይ ነው። ለተለመደው ቀጭን ብዕር ቁራጩ ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ ከዳር እስከ ዳር በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል። የተጠናቀቀው ብዕር ጫፉ ላይ ከ8 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በቱቦው ዙሪያ የሚቀረው እንጨት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ10 ግማሾች 2ቱ ቢበላሹ ኪሳራው አንድ አምስተኛ ይመስላል። የእንጨቱ መልክ እንዲገጥም ግን ሁለቱም ግማሾች ከአንድ ቁራጭ መምጣት አለባቸው። ስለዚህ ሁለቱም የሚተርፉለት ቁራጭ ከ100 ወደ 64 ይወርዳል፤ የአንዱ ብዕር የእንጨትና የጉልበት ወጪም ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቀዳዳው ከመሃል ጥቂት ቢርቅ ጉዳት የለውም፤ ቁራጩ ቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው በቀዳዳው ውስጥ በሚያልፍ ዘንግ ስለሆነ ትርፉ እንጨት ተልጦ ይስተካከላል። ይቅርታ የሌለው መጣመሙ ነው። ቱቦው አይገባም፣ ወይም እንጨቱ በአንድ ወገን ሳስቶ ይሰነጠቃል።

ቶርኖ ያለው ሰው እዚያው ላይ ቢበሳ ይሻላል፤ እንጨቱ እየዞረ ፑንታው ስለሚቆም መሃሉን አይስትም። ትራፓኖ ብቻ ያለው ሰው ቁራጩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሞርሳ ሳይገዛ ባይጀምር ይሻላል። ጫፉ በማዕዘን ልክ ይቆረጣል፤ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት መስመር ተሰምሮ መገናኛው በቡጢ ምልክት ይደረግበታል። ወይራ ክብድና ቅባት ያለው እንጨት በመሆኑ ቶሎ ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ፑንታውን ዝግ ባለ ፍጥነት፣ እየመለሱ ብናኙን እያራገፉ መግፋት ነው። መውጫው ላይ እንዳይፈነዳም ቁራጩን ከሚፈለገው ጥቂት ሚሊ ሜትር አስረዝሞ፣ ሳይወጣ አቁሞ፣ ትርፉን ጫፍ በመጋዝ መቁረጥ ይበቃል።

የእርሳስ ፋብሪካዎች ከዚህ ጣጣ ያመለጡት ባለመብሳት ነው፤ ሁለት ጣውላ ቦይ አውጥተው፣ መሃሉ ላይ እርሳሱን አስተኝተው በሙጫ ያጣብቃሉ። የጎጃም ቁም ጸሐፊዎች መቃ ደግሞ ቀዳዳውን ይዞ ይበቅላል!

ለገዥ የቀረው የእንጨቱ ምንጭ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች አዋጆች ተተክተዋል። ዋንዛ የሚያቀርብ ደላላ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቅ። ወይራ የሚያቀርበው ደግሞ እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ ይናገር፤ እርጥቡ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢበሳም ሲደርቅ ተኮማትሮ ቱቦው ላይ ይተረተራል።