ስለ ጀማሪ መምህርና በደንብ ስለ ተፈረመው ዶሴ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ጀማሪ መምህራን የታዘብሁትን በዚህ የአንባብያን ዐምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የመምህራን ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሁላችንም ልጆች የሚውሉት እዚያው ስለ ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት አንባብያንም ቢመለከቱት የሚጠሉት አይመስለኝም።

በድሬዳዋ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እኔ ራሴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ መምህሩ ሲገቡ ዝንብ እንኳ አትሰማም ነበር። ጥሩ መምህር ማለት ክፍሉን ጸጥ አሰኝቶ ሰሌዳውን ባማረ ጽሕፈት የሚሞላ ሰው ነው ብዬ ያመንሁት ያን ጊዜ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪዬ በኋላ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የተዘጋጀውን የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ወስጃለሁ፤ ስለ ተማሪዎች ተሳትፎም በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ክፍል ስገባ ግን ያደረግሁት የሚሲዮኑ መምህሬ ያደርጉት የነበረውን ነው።

«ገባችሁ?» እላለሁ፤ «አዎ!» ይሉኛል፤ ሰሌዳውን አጠፋለሁ። የመጀመሪያውን ፈተና ሳርም ከ62 ተማሪዎች ግማሽ ያመጡት ዘጠኝ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ሰነፎች ናችሁ ብዬ ተቆጣሁ፤ አልፌም በመጨረሻው ወንበር የምትቀመጠውን የአንዲት ልጅ ወረቀት ከፍ አድርጌ ለክፍሉ ሁሉ አሳየሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

እንደሚታወቀው በ2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር እየተረዳ እንዲሠራ፣ ነባሩም በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ተወስኗል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የምነቅፍበት ነገር የለኝም። ለእኔም አማካሪ ተመድቦልኝ ነበር። ነገር ግን የሁለታችንም ክፍለ ጊዜ የበዛ ስለ ነበር፣ ወር ሲያልቅ ሻይ ቤት ተገናኝተን «ክፍል ገብቼ ተመልክቻለሁ» የሚለውን እርሳቸው፣ «ምክር ተቀብያለሁ» የሚለውን እኔ እንፈርም ነበር። ፖርትፎሊዮ የሚባለው ዶሴዬ ወፍራምና ንጹሕ ስለ ነበር ተመስግኜበታለሁ። አንድም ሰው ግን ክፍሌን ረግጦ አያውቅም።

የረዱኝ ማንም ያልመደባቸው አንድ አረጋዊ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ስማረር ሰምተው፣ በድሬዳዋ ሰው ወግ፣ «አቦ፣ ነገ እኋላ ወንበር ተቀምጬ ልይህ» አሉኝ። ብፈራም ዕድሜያቸውን አክብሬ እሺ አልሁ። በአርባው ደቂቃ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲወጡ አንዲት ወረቀት ሰጡኝ፤ የክፍሉን ወንበሮች በእርሳስ ሥለው፣ ጥያቄ የመለሰ ተማሪ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ጭረት አድርገውበታል። ጭረቶቹ በሙሉ በመስኮቱ በኩል ባሉት ሁለት የፊት ወንበሮች ላይ ተከምረዋል፤ የቀረው ወረቀት ነጭ ነው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስነጋገር የኖርሁት ከአምስት ልጆች ጋር ነው።

ከዚያ ወዲያ እኋላ ወዳሉት እየሄድሁ ደብተር ማየት ጀመርሁ። በከተማችን በታችኞቹ ክፍሎች ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያች ያሳፈርኋት ልጅ በሶማሊኛ የተማረች ናት። ስሌቷ ትክክል ነበር፤ ያሳሳታት «አት ሊስት» የሚለው ቃል ነው። «ሊስት» የትንሽነት ቃል መሆኑን ታውቃለችና «ቢያንስ አምስት» የሚለውን ከአምስት ያንሳል ብላ ምልክቱን ገልብጣ ጽፋለች። የፈተናውን ወረቀቶች መልሼ ባይ እንደ እርሷ የገለበጡት ከሃያ ይበልጣሉ። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ አለፍሁ እንጂ፣ ይህ ሁሉ ሰው ስለ ምን አንድ ዐይነት ስሕተት ሠራ ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ፣ በየቋንቋቸው ጎረቤት ለጎረቤት እንዲነጋገሩበት ሁለት ደቂቃ እሰጣለሁ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ የሚሲዮኑ መምህሬ ቢያዩኝ ያዝኑብኝ ነበር። የከሰዓት በኋላውም ፈረቃ፣ ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ጥላ ፍለጋ በሚገባበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ልምምዱን አስቀድሜ ንግግሬን አሳጥሬአለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በየሻይ ቤቱ የሚወቀሰው ተማሪው ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለዚያች የእርሳስ ወረቀት ነበር። ባቡር ድሬዳዋ ከገባበት ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ከተማ የኖረ ሰው የጥገና ሥራ እንዴት እንደሚለመድ ያውቃል፤ አዲሱ ሠራተኛ ከነባሩ አጠገብ ቆሞ መፍቻ እያቀበለ ዐይኑን ያሠለጥናል እንጂ፣ በመጀመሪያው ቀን ሞተር ለብቻው አይሰጠውም። ለመምህር ግን 62 ልጆች ይሰጡታል።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን ባለሥልጣኖች የምለምነው፣ ከአማካሪው መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት ጀማሪው ክፍል ገብቶ እንዲመለከት፣ ጀማሪውም በፈንታው የእርሱን ክፍል እንዲያይ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የክፍለ ጊዜ ድልድል ማስተካከል ብቻ ነው። ዶሴዎቹ በጠረጴዛችሁ በኩል የሚያልፉ አንባብያንም ፊርማውን ከመቁጠር በፊት «ምን አየህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልካም ነበር።

ዘንድሮ እኔ ራሴ አማካሪ ተብዬ ተመድቤአለሁ። ወጣቱ መምህር የመጀመሪያውን ወር ቅጽ ሞልቶ፣ የእኔን ቦታ ብቻ ክፍት ትቶ አመጣልኝ። ሐሙስ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ እኋላ ወንበር እንዲያስቀምጥልኝ ነግሬዋለሁ። ቅጹ እስካሁን ሳይፈረም በመሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር
ከድሬዳዋ