የልምምድ ጥይት

የልምምድ ጥይት በመጠንና በቅርጽ እውነተኛውን ጥይት የሚመስል፣ ነገር ግን ባሩድም ሆነ የሚሠራ መለኮሻ የሌለው ጥይት ነው። ማጉረስን፣ ማውጣትን፣ ማነጣጠርንና ቃታ መሳብን ያለ ተኩስ ለመለማመድ ያገለግላል። ለሰላምታ ተኩስና ለፊልም ከሚውለው እርሳስ አልባ ጥይት ይለያል፤ ያኛው ባሩድ ስላለው ይጮኻል፣ በቅርብ ርቀትም ሊገድል ይችላል።

አሠራር

የሾትጋን (ፍሬ የሚረጭ የአደን ጠመንጃ) ጥይት አምስት ክፍሎች አሉት፦ ቀለህ፣ በቀለሁ ግርጌ ያለችው መለኮሻ፣ ባሩድ፣ ውታፍ እና የእርሳስ ወይም የብረት ፍሬዎች። ቃታ ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ መለኮሻዋን ይመታል፤ እርሷም ባሩዱን ታቀጣጥላለች።

በፋብሪካ የሚሠራው የልምምድ ጥይት ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ በመለኮሻዋ ቦታም መርፌው እንዳይጎዳ ስፕሪንግ ወይም ጎማ ይገባበታል። በቤት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ተተኩሶ ያለቀ ቀለህ ነው፤ መለኮሻዋ አስቀድማ ስለነደደች ዳግም አትቀጣጠልም። ያልተተኮሰ ጥይት ፈትቶ ባሩዱን ብቻ ማፍሰስ ግን ጥይቱን ደኅና አያደርገውም፤ መለኮሻዋ በቀለሁ ውስጥ እንዳለች ትቀራለችና።

አደጋዎች

የዚህ ስህተት ታዋቂ ምሳሌ ተዋናይ ብራንደን ሊ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1993 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሞተበት አደጋ ነው። «ዘ ክሮው» በተባለው ፊልም ቀረጻ ላይ የልምምድ ጥይቶቹ የተሠሩት ከእውነተኛ ጥይት ባሩዱን በማውጣት ነበር። የአንዱ መለኮሻ እርሳሱን ገፍቶ በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ቀረቀረው። በኋላ በዚያው ሽጉጥ እርሳስ አልባ ጥይት ሲተኮስ የተቀረቀረው እርሳስ ወጥቶ ተዋናዩን መታው።

ሁለተኛው አደጋ መቀላቀል ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2021 በኒው ሜክሲኮ «ረስት» በተባለው ፊልም ዝግጅት ላይ እውነተኛ ጥይት ከልምምድ ጥይቶች ጋር ተቀላቅሎ በመገኘቱ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ሕይወቷ አልፏል።

ጥንቃቄ

የልምምድ ጥይት በእይታም ሆነ በመዳሰስ መለየት አለበት። ስለዚህ ቀለሙ ከእውነተኛው ፈጽሞ የተለየ ይደረጋል ወይም ቀለሁ በጎኑ ይበሳል። ልምምዱ በሚደረግበት ክፍል እውነተኛ ጥይት አይቀመጥም፤ ጠመንጃውም አስቀድሞ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። አፈሙዙም ሰው ወዳለበት አይዞርም። እንደ ድሬዳዋው ቀፊራ ሱቅና ቤት ተጠጋግቶ በሚገኝበት ሰፈር ይህ ጥንቃቄ ከባለቤቱ አልፎ ጎረቤትንም የሚመለከት ነው፤ ቀጭን ግድግዳ ጥይትን አያስቆምምና።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። በልምምድ ጥይት ብቻ መጠቀም ባለጠመንጃውን ከዚህ ግዴታ ነጻ አያደርገውም።