በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄዱት የመንገደኛ ፉርጎዎች

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚታጠፈውም ከእሷ ነው። ባቡር ግን እስከ ዛሬ አልደረሰላትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጣው አገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ወረታ መስመር የሚገናኝባት ጣቢያ ሆና ተጽፋ ነበር። አንዱ መስመር ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ወልድያ ይሻገራል፤ ሌላው በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ይወርዳል ተብሎ ነበር። ዕቅዱ ከወረቀት ወደ መሬት አልወረደም። ስለዚህ ወረታ ያለችበት የፎገራ ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በሥዕል፣ በፊልምና በሰው ወሬ ነው። ይህ ጽሑፍ ባቡርን በእጅ ነክቶ፣ ፈትቶና ገጣጥሞ ማወቅ የሚቻልበትን አንድ ሙያ ያስተዋውቃል፤ ትልልቅ የመንገደኛ ባቡር ሞዴሎችን መሰብሰብና በሐዲድ ላይ ማስኬድ።

ሞዴል ባቡር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የልጆች መጫወቻ ነው። እውነተኛ ሞዴል ግን በልክ የሚሠራ ነገር ነው። ፉርጎው ከጣሪያው እስከ ጎማው ይለካል፤ ልኩ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይካፈላል፤ በተገኘው መጠን ይሠራል። መስኮቱ ተካፍሎ በሩ ሳይካፈል ከቀረ ሞዴል አይባልም። በዓለም ላይ በብዛት የሚሰበሰበው ዓይነት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ነው። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እዚህ የምናወራው ከእሱ ስለገዘፈው ነው። ሐዲዱ 45 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ አንዱ ፉርጎ ክንድ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ቦታውም ጓሮ ነው፤ ባቡሩም ፀሐይና ዝናብ ይችላል።

ይህን የሐዲድ ስፋት ያስለመደው ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 የመጫወቻ ባቡር ሐዲዶችን በቁጥር ሲለይ 45 ሚሊ ሜትሩን ቁጥር 1 አለው። ወደ ጓሮ ያወጡት ግን የኑረምበርጎቹ ወንድማማቾች ቮልፍጋንግና ኤበርሃርድ ሪሽተር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሌማን ፋብሪካቸው ኤልጂቢ የሚል ስያሜ ያለውን ትልቅ ባቡር ለገበያ አቀረቡ። ሐሳባቸው ቀላልና ብልህ ነበር። ሰፊውን የአውሮፓ ባቡር ትተው በተራራማ አገር የሚሠሩትን ጠባብ ባቡሮች መረጡ። ሐዲዳቸው አንድ ሜትር የሚሰፋ ባቡሮችን በ22.5 አካፈሉ። 1,000 ሚሊ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ይሆናል፤ በ45ቱ ሐዲድ ላይ በልኩ ይቀመጣል። በዚህ ልክ ከሚሠሩት ውስጥ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የሚወደዱት የስዊዘርላንዱ የሬትያ ተራራ ባቡር የመንገደኛ ፉርጎዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የእኛ የቀድሞ ሐዲድም ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚወጣው ይህ መስመር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የአዲስ አበባው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በምድር ባቡር ፉርጎ የተጓዘ ሰው ያንኑ ፉርጎ በ1 ለ22.5 ቢሠራው፣ በኤልጂቢ ሐዲድ ላይ ያለ ምንም ማስተካከያ በልኩ ይሄድለታል።

አዲሱ ባቡራችንም ከዚህ አይወጣም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ32 ብናካፍለው 44.8 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ሁለቱም ትውልድ፣ የቀድሞውና የአሁኑ፣ በአንዱ የ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ መሄድ ይችላሉ ማለት ነው። አሮጌው በ22.5፣ አዲሱ በ32 ይካፈላል። 15 ሜትር የሚረዝም የቀድሞ ፉርጎ 67 ሴንቲ ሜትር፣ 25 ሜትር የሚረዝም አዲስ ፉርጎ ደግሞ 78 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መላው የጅቡቲ መስመር በ1 ለ22.5 ቢሠራ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከወረታ ደብረ ታቦር ያለውን አብዛኛውን መንገድ ይሸፍናል።

ፉርጎው ምን ምን አለው?

አጫጭሮቹ ፉርጎዎች በሁለት አክስል ላይ በቀጥታ ይቀመጣሉ። ረጃጅሞቹ ከፊትና ከኋላ በሁለት ቦጂ ይታገዛሉ። ቦጂ ማለት ሁለት አክስል የያዘ፣ መሐሉ ላይ በአንድ ዘንግ የሚዞር ጋሪ ነው። ሐዲዱ ሲታጠፍ ቦጂው ይታጠፋል፤ የፉርጎው አካል ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ለዚህ ነው ረጅም ፉርጎ በጠባብ ኩርባ ላይ መሐሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ የሚያፈነግጡት። የኤልጂቢ ጠባቡ ኩርባ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አጭር ፉርጎ ይዞርበታል። እንደ እውነተኛው ረጅም የሆነ ፉርጎ ግን የዚህን እጥፍ፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ሰፊ ኩርባ ይፈልጋል። ፉርጎ ከመግዛት ወይም ከመሥራት በፊት ጓሮውን መለካት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ርዝመት በ22.5 ሲካፈል ክብደት በ22.5 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ ወደ 11,400 ማለት ነው። 20 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በልኩ ቢሠራ ከ1.8 ኪሎ ያንሳል። ብዙ ፉርጎ ተቀጣጥሎ በጠባብ ኩርባ ሲጎተት፣ መሐል ላይ ያለው ቀላል ፉርጎ ወደ ውስጥ ተስቦ ይወድቃል። መድኃኒቱ ክብደቱን ወደ ወለሉ ማውረድ ነው። የብረት ጎማ ከፕላስቲክ ጎማ የሚመረጠው አንድም በዚህ ነው፤ አንድም ሐዲዱን ስለማያቆሽሽ ነው። አክስሉ በኩሽኔታ ከተያዘ ደግሞ ያው ሞተር ብዙ ፉርጎ ይጎትታል።

የኩርባና የፍጥነት ሕግ በትልቁም በትንሹም አንድ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ የመንገደኛ ባቡር በኩርባ ላይ ባለ ድልድይ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። ባቡሩ ኩርባው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ይሄድ ነበር። ሞዴል የሚያስኬድ ሰው ፍጥነትን የሚያከብረው ከዚህ ትምህርት ተነስቶ መሆን አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በ1 ለ22.5 ሲሆን በሴኮንድ 74 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ከሰው ቀስ ያለ እርምጃ አይበልጥም። ከዚህ ያለፈ ፍጥነት ሞዴልነቱን ያጠፋዋል።

በፎገራ መሬት ላይ

ሐዲድ የሚተክል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አፈሩን ነው። የፎገራ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉም ሜዳው ይጥለቀለቃል። ይህ ውኃ ለሩዝ በረከት ሆኗል፤ ለሐዲድ ግን ጠላት ነው። በዋልካ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ሐዲድ አንድ ክረምት ሳይጨርስ ይጣመማል። ስለዚህ ሐዲዱ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ካብ ወይም በእንጨት ምሰሶ ላይ መቀመጥ፣ ከሥሩ ደግሞ ውኃ የሚያሳልፍ ደቃቅ ጠጠር መነስነስ አለበት። ምሰሶው ለተመልካችም ይጠቅማል፤ ፉርጎው በዓይን ትይዩ ሲያልፍ መስኮቱም ወንበሩም ይታያል።

ፀሐዩም የራሱ ሒሳብ አለው። ሐዲዱ የሚሠራው ከነሐስ ነው። ሌሊት ቀዝቅዞ ቀን በ30 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 10 ሜትር ሐዲድ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በመገጣጠሚያው ላይ ለዚህ የሚሆን ክፍተት ካልተተወለት ይጎብጣል። አቀበቱም በ100 ሜትር ከ3 ወይም ከ4 ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል።

ኃይልን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው እስከ 24 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክን በሐዲዱ ላይ መላክ ነው፤ አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል። ሁለተኛው በዚያው ሐዲድ ለእያንዳንዱ ባቡር የተለየ ትእዛዝ የሚያደርሰው ዲጂታል ዘዴ ነው። ሦስተኛው ባትሪውን ፉርጎ ውስጥ አስቀምጦ በሪሞት ማዘዝ ነው። በዝናብና በጭቃ ነሐሱ ስለሚበልዝ፣ መብራትም ስለሚቋረጥ፣ ለወረታ የሚሻለው ሦስተኛው ነው። ለባትሪው የሚሆን ባዶ ቦታ በዕቃ መጫኛው ፉርጎ ውስጥ አይጠፋም፤ በፀሐይ ኃይልም ይሞላል።

መሰብሰብና መሥራት

ሰብሳቢዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ፉርጎውን ከነካርቶኑ አስቀምጠው ዋጋው እንዲጨምር ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ያስኬዱታል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የመንገደኛ ፉርጎ ብቻውን ጎደሎ መሆኑን ነው። የዕቃው፣ የፖስታው፣ የአንደኛ ማዕረጉና የሦስተኛ ማዕረጉ ፉርጎ በአንድ ዘመን ቀለም ተከታትለው ሲቆሙ ነው ባቡር የሚሆኑት። በእኔ እምነት የሚያስኬዱት ወገኖች ትክክል ናቸው። ፉርጎ የተሠራው ሰው ሊጭን ነው፤ የቆመ ፉርጎ ግማሽ ታሪኩን ይዞ ይቀራል።

ፋብሪካ የሠራው ዋጋው ውድ ነው፤ የውጭ ምንዛሬም ይጠይቃል። ግን ሁሉንም መግዛት ግድ አይደለም። የዋንዛ ጣውላ በስሱ ተሰንጥቆ ለፉርጎ ግድግዳ ይሆናል፤ ጣሪያው ከቆርቆሮ ይታጠፋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ጎማው ነው፤ ቶርኖ ቤት መታረስ አለበት። በሁለቱ ጎማዎች ውስጠኛ ገጽ መካከል ያለው ርቀት 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ለሁሉም አክስል አንድ ዓይነት ካልሆነ ፉርጎው መገንጠያ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። የእንጨት፣ የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ በአንድ ዕቃ ላይ ስለሚገናኙ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመለማመጃ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

የሚያስቸኩለው ጉዳይ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው የቀድሞው መስመር አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆሟል። አሮጌዎቹ የመንገደኛ ፉርጎዎች በድሬዳዋ፣ የንጉሠ ነገሥቱም ፉርጎዎች በለገሃር ቆመዋል። ብረት ይዝጋል፤ እንጨት ይበሰብሳል፤ በእነሱ ላይ የሠሩትም አረጋውያን እያለፉ ነው። በልኩ የተሠራ ሞዴል ግን ፉርጎው ባይኖርም የፉርጎውን ቅርጽ ለልጅ ልጅ ያቆያል። የምህንድስና መምህራን፣ የሙያ ተማሪዎች፣ በውጭ አገር ይህን ሥራ የለመዳችሁ ወገኖች፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ገብታችሁ ለኩ። ርዝመቱን፣ የመስኮቶቹን ርቀት፣ የጣሪያውን ጉብታ፣ የቦጂውን አክስሎች፣ የወንበሩን አቀማመጥ መዝግቡ፤ ከፊትና ከጎን ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ ጡረታ የወጡትን የምድር ባቡር ሠራተኞች ጠይቁ። ልኩ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በወረታም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ አናጢ ሊሠራው ይችላል። ፉርጎዎቹ ሳይፈርሱ መለካት ያለብን አሁን ነው።