የዕርዳታው ስንዴ በጅግጅጋ ገበያ፤ ቀኑንና መጠኑን ማን ያውቃል?

በጅግጅጋ እህል ተራ ዋጋ የሚያወጡና የሚያወርዱ ነገሮች ብዙ ናቸው። የካረን ዝናብ አለ፤ በቶጎጫሌ በኩል የሚገባው ሩዝና ፓስታ አለ። ከእነዚህ ቀጥሎ የነጋዴው ጥያቄ ራሽን መቼ ይታደላል የሚለው ነው። ቀድሞ የሰማ ጅምላ ሻጭ ስንዴውን ያራግፋል። ያልሰማው ጆንያው መጋዘን እንዳለ ዋጋው ይወድቅበታል። ቀኑና መጠኑ በይፋ ካልተነገረ ወሬው ራሱ ሸቀጥ ይሆናል፤ ደላላም ይሸጠዋል።

ጉዳቱ በነጋዴው ብቻ አያበቃም። በጅግጅጋ ሜዳ ማሽላና በቆሎ የሚዘራው ገበሬ በክረምቱ ሊደርስለት የሚገባው ዕርዳታ ዘግይቶ በአጨዳ ሰሞን ከደረሰ፣ የራሱን ምርት ይዞ ከነጻ እህል ጋር ይወዳደራል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና ሶማሌ ክልል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሙከራ የገባበት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በወረቀት ላይ ሒሳቡ የተሰወረ አይደለም። ሲጀመር ለአንድ ነፍስ በወር የ5 ቀን ሥራ፣ ለአንዱ ቀን 3 ኪሎ እህል፣ ለ6 ወር ተብሎ ነበር። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ፊት እንዲለጠፍ፣ በየቀበሌውም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር መመሪያው ያዛል።

ይሁን እንጂ በአርብቶ አደሩ አገር የተለጠፈው ዝርዝርና የታደለው ጆንያ አይገጥሙም። ስሙ የሰፈረ ሰው እህሉን ለብቻው ይዞ ቤቱ አይገባም፤ ሽማግሌዎች ስሙ ላልተጻፈውም ዘመድ ያካፍላሉ። የሙከራውን ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶችም ይህንኑ መዝግበዋል። ይህን ሌብነት ማለት የአገሩን ደንብ አለማወቅ ነው። ግን ችግር አለው፤ በመጋዘንና በመንገድ የጎደለውም «ሕዝቡ ተካፈለው» በሚል ሊሸፈን ይችላል። ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው ካልተነገረ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የዚህ ዋጋ የታየው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ነበር። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ እህል በሰፊው ከታለመለት ሰው እጅ እየወጣ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕደላ አቋረጡ። «አይሸጥም» የሚል የተጻፈበት ጆንያ ሲሸጥ ማየት ለነጋዴው እንግዳ አልነበረም፤ የዕደላው መቆም ግን ዱብ ዕዳ ሆነ። ዕደላው የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው። ራሽን ያጣ ቤተሰብ ፍየሉን ገበያ ያወጣል፣ እህል ይሸምታል፤ የከብት ተራው ሲወርድ የእህል ተራው ይወጣል። አጥፊው ጥቂት ሲሆን ከፋዩ ሁሉም ሆነ።

ሌላው አገር ምን አደረገ? በሕንድ ራጃስታን፣ እንደ ሶማሌ ክልል ድርቅ በማይለየው ምድር፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የገጠር ሠራተኞች የክፍያ መዝገብ በአደባባይ እንዲነበብ አደረጉ። ያልሠራ ሰው ደሞዝ እንደፈረመ የተሰማው እዚያው በጎረቤቶቹ ፊት ነው። ለማያነብ ሕዝብ ከግድግዳ ላይ ወረቀት ይልቅ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበጃል። ሕንድ በ2005 እ.ኤ.አ. የመረጃ መብት ሕግ ያወጣችው ከዚህ ንቅናቄ ተነስታ ነው።

የእኛም ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሲሰጥ፣ መልስ መስጫውን 30 ቀን አድርጎታል። ለእህል ነጋዴ 30 ቀን ረጅም ነው፤ ዋጋው ሁለት ጊዜ ሊገለበጥ ይችላል። ቢሆንም በወረዳው ስም የገባውን ኩንታልና የዕደላውን ቀን በጽሑፍ የጠየቀ ነጋዴ፣ ከደላላ ከሚገዛው ወሬ የተሻለ ነገር ይይዛል።

አሁን ደግሞ በክልሉ ከዕርዳታው ከፊሉ በሄሎካሽ፣ በሞባይል ገንዘብ ሆኖ ያልፋል። ጆንያ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ በመንገድ የሚጎድል ኪሎ የለም። ነገር ግን መልእክቱ የሚገባው በአንድ ሰው ስልክ ነው፤ ጎረቤቱ ስንት እንደደረሰው ለማወቅ ዝርዝሩ እንደ ድሮው ቀበሌ ካልተነበበ ሌላ መንገድ የለውም።